ሥልጣን ወደ እስያ የዞረው በምን መንገድ ነው?

(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተነገረ)



የዓለም ሀብትና ሥልጣን ከምዕራብ ወደ እስያ እያዘነበለ መሆኑን የማይናገር ሰው ዛሬ አይገኝም። ዳሩ ግን ነገሩ ሲወራ እንደ ፀሐይ መውጣት፤ ማንም ሳይደክምበት በራሱ የሚሆን ይመስላል። እኛ ዛሬ ማታ ልንጠይቅ የፈለግነው ይህ ለውጥ በማን እጅና በምን ዋጋ እንደ ተሠራ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን ስፋት እንመልከት። የኤኮኖሚ ታሪክ ሊቃውንት እንደ ገመቱት በ1820 ቻይናና ህንድ ሁለቱ ብቻ ከዓለም ምርት ግማሽ ያህሉን ያመርቱ ነበር። በ1950 ግን የሁለቱ ድርሻ ተደምሮ ከዐሥር አንድ እጅ እንኳ አይሞላም ነበር። በመካከሉ ያለፈው የአውሮፓ ፋብሪካ፤ የኦፒየም ጦርነትና የቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በ1955 ሃያ ዘጠኝ የእስያና የአፍሪካ መንግሥቶች፤ አገራችንም ጭምር፤ በባንዱንግ ሲሰበሰቡ አብዛኞቹ ድምፅ እንጂ የኤኮኖሚ ኃይል አልነበራቸውም። በ2010 ግን ቻይና ጃፓንን አልፋ ከአሜሪካ ቀጥሎ ሁለተኛውን ቦታ ያዘች።

መንገዱን ለመረዳት ደቡብ ኮርያን እንውሰድ። ይህችን አገር አባቶቻችን ያውቋታል። ከ1951 ጀምሮ የተላኩት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ያዩዋት ኮርያ የፈረሰችና የተራበች ነበረች። ነገር ግን በ1949 የወጣውና በ1950 የተሻሻለው ሕግ ማንም ባለርስት ከ3 ሄክታር ያህል በላይ የእርሻ መሬት እንዳይዝ ወስኖ ነበር። ትርፉ መሬት ለሚያርሰው ገበሬ ተሰጠ፤ እርሱም ዋጋውን ከምርቱ በየዓመቱ እየከፈለ ባለቤት ሆነ። የቀድሞው ጭሰኛ ልጆቹን ትምህርት ቤት አስገባ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከመንግሥት ባንክ ርካሽ ብድር የሚያገኝ ባለፋብሪካ ዕቃውን በውጭ አገር ገበያ መሸጡን ማስመስከር ነበረበት። የዓለም ባንክ የብረት ፋብሪካው እቅድ አያዋጣም ባለ ጊዜ፤ ኮርያውያን ጃፓን ስለ ቅኝ ግዛቱ ዘመን ከከፈለችው ገንዘብ ወስደው ፋብሪካውን በፖሃንግ ሠሩ፤ በ1973ም ብረት ማቅለጥ ጀመረ።

ዋጋውስ? በሚያዝያ 1960 ፕሬዚዳንት ሲንግማን ሪን ከሥልጣን ያወረዱት እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በጥይት ወደቁ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በ1970 ቾን ቴኢል የተባለ የ22 ዓመት የልብስ ስፌት ሠራተኛ የሥራ ሕግ ይከበር ብሎ በሶል ገበያ ራሱን በእሳት አቃጠለ። በ1980 የኳንግጁ ሕዝብ በጦር ተደበደበ። ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብት የተመለሰው በ1987 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነው። ስለዚህ የኮርያን ዕድገት ጄኔራሎቹ ብቻ ያመጡት አድርጎ የሚያወራ ሰው የታሪኩን ግማሽ ይደብቃል።

“እኛስ መሬት ለአራሹ ብለን አልነበረምን?” የሚል ይኖራል። እውነት ነው። በ1965 የቀደሙን ተማሪዎች ይህን መፈክር ይዘው ወጡ፤ በ1975ም ዐዋጁ ጭሰኝነትን አስቀረ። ይሁን እንጂ መሬቱ የመንግሥት ሆነ፤ ገበሬውም እህሉን መንግሥት በቈረጠው ዝቅተኛ ዋጋ እንዲያስረክብ ተገደደ፤ ልጁንም ጦርነት ወሰደበት። ዐዋጅ ብቻውን በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም።

ዛሬ አገራችን ከጥር 2024 ጀምሮ የብሪክስ አባል ናት። በ2016 የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር የተሠራው በቻይና ብድር ነው። ይህን አንንቅም። ነገር ግን አበዳሪን መለወጥ ሥልጣንን ማዞር አይደለም። በ2014 በውጭ ገበያ ከተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በታኅሣሥ 2023 ሳይከፈል ቀረ። ብድር ከምሥራቅ ቢመጣ ከምዕራብ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም።

እንግዲህ “ዘመኑ የእስያ ነው” የሚል ሰው ስንሰማ ሦስት ነገር እንጠይቅ። መሬቱ በማን እጅ ነው? ብድሩ ምን ተሠራበት? የሐዋሳ ልብስ ሰፊም ሆነች የሶል፤ ሠራተኛዋ ለመብቷ ልትደራጅ ትችላለች ወይስ አትችልም? ሥልጣን ወደ አንድ ሕዝብ የሚዞረው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሲያገኝ ነው። ለአገራችንም መልሱን መፈለግ በሕዝብ ገንዘብ የተማርን የእኛ ዕዳ ነው።