ስለ አገር ጸጥታና በር ስለ መዝጋት
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህን ርእስ ይዤ የቀረብኩት ባለፈው ወር በተነሣው ክርክር ምክንያት መሆኑን አስታውቃለሁ። በሰፈራችን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ኤርትራውያን ስደተኞች በዕድሩ እንመዝገብ ብለው ቢጠይቁ፣ ገሚሱ «አሜሪካ እንኳ የከለከለቻቸውን እኛ ማን ነንና ነው የምንቀበል?» አለ፤ ገሚሱም «የአሜሪካው ግፍ ነው» አለ። ጩኸቱ በዛ እንጂ አሜሪካ ያደረገችው ምን እንደ ሆነ ዘርዝሮ የተናገረ አልነበረም። እኔ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የጨረስኩ ሰው ነኝና ነገሩ ከፖለቲካው ይልቅ የፋይልና የወረቀት ጉዳይ ሆኖ ስለ ታየኝ፣ የተከታተልኩትን አሰባስቤ እነሆ አቀርባለሁ።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ጥር 19 ቀን 2009 ዓ.ም. የሰባት አገር ዜጎች፣ ማለት የኢራን፣ የኢራቅ፣ የሊቢያ፣ የሶማሊያ፣ የሱዳን፣ የሶሪያና የየመን ሰዎች ለ90 ቀን ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ አዘዙ። በአየር ላይ የነበረ መንገደኛ ሳይቀር አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርስ ተያዘ። ፍርድ ቤቶች አገዱት፤ ትእዛዙ ተሻሽሎ ተጻፈ፤ በመጨረሻም ሰኔ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን አላቸው ብሎ ፈረደ። በ2012 ዓ.ም. ኤርትራም ተጨመረች። ጥር 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ባይደን ሥልጣን በያዙ ዕለት ሻሩት። ትራምፕ ሲመለሱ ደግሞ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በ12 አገሮች ላይ ሙሉ ክልከላ አወጁ፤ ኤርትራ፣ ሶማሊያና ሱዳን እዚያ ውስጥ ናቸው። ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ስትጨመር ከስድስቱ ጎረቤቶቻችን አራቱ ገቡበት። የቀሩት ኬንያና ጅቡቲ ብቻ።

እንግዲህ የከልካዮቹን ቃል ሳንሰማ መፍረድ አይገባም። እነሱ የሚሉት፣ «ሰውዬው ማን እንደ ሆነ የምናውቀው አገሩ በሰጠው ወረቀት ነው፤ አገሩ የረባ መዝገብ ከሌለው ወይም የወንጀል መዝገቡን አላሳይም ካለን፣ በምን እናጣራለን?» ነው። ይኸ ባዶ ንግግር አይደለም። የሶማሊያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ አሜሪካ የሶማሊያን ፓስፖርት እንደ ሕጋዊ ሰነድ ሳትቀበል ቆይታለች። ማኅተም በየገበያው የሚቀረጽበት አገር ወረቀት ምን ያህል እንደሚታመን፣ በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል።

ደግሞም የደረሰ ነገር አለ። በ2003 ዓ.ም. ኬንታኪ በተባለው ክፍለ አገር ሁለት ኢራቃውያን ስደተኞች ተያዙ። አንደኛው በአገሩ ሳለ በመንገድ ዳር ቦምብ ላይ የጣት አሻራው ተገኝቶ፣ አሻራው በአሜሪካኖቹ እጅ ተቀምጦ ነበር። ሰውዬው ግን ተጣርቷል ተብሎ ገባ። ልብ በሉ! አሻራው ነበረ፤ የጠፋው ያስተያየ ሰው ነው። ይህን ስሰማ እኔ የታየኝ አንዱ ክፍል ያለው ፋይል ሌላው ክፍል ሳይደርስ የሚያድርበት የመሥሪያ ቤት ሥራ ነው። መድኃኒቱም ፋይሉን ማገናኘት ነው እንጂ፣ የኢራቅን ሰው በሙሉ ደጅ ማሳደር አይመስለኝም።

ወደ ሌላው ወገን ስንመጣ፣ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በእኛ የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በኒውዮርክና በዋሽንግተን ያን ጥፋት ካደረሱት 19 ሰዎች 15ቱ የሳውዲ ዐረቢያ፣ ሁለቱ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ አንዱ የግብጽ፣ አንዱ የሊባኖስ ተወላጆች ነበሩ። ከሰባቱ አገሮች አንድም የለበትም። በ2017ቱም አዋጅ ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው በኮሎራዶ የደረሰው አደጋ ሲሆን፣ የተጠረጠረው ሰው ግብጻዊ ነው፤ ግብጽ ግን በዝርዝሩ አልገባችም። ታዲያ ይኸ እንዴት ያለ ሚዛን ነው?

ስለ ኤርትራ አዋጁ የጻፈው ሌላ ነው። ለጉብኝትና ለንግድ ከገቡት ከመቶ 20፣ ከተማሪዎቹ ከመቶ 55 ያህሉ ቪዛቸው ሲያልቅ ሳይመለሱ ቀሩ ይላል። ከስንት ሰው ውስጥ እንደ ሆነ ግን አይናገርም። ከሁለት ሰው አንዱ ቢቀር እኮ ኀምሳ በመቶ ነው! መቅረትስ ከቦምብ ጋር ምን አገናኘው? ልጁ ቢመለስ የሚጠብቀው መጨረሻው የማይታወቅ ብሔራዊ አገልግሎት ነው።

የግንቦቱ አዋጅ ለአሜሪካ ዜጎች ባልና ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ቀዳዳ ትቶ ነበር። የታኅሣሡ ያንንም ደፈነው። እንደኛ ላለ ለቀብር ለተቋቋመ ማኅበር ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ልጇ እዚያ የሞተባት እናት መርዶዋን እዚህ ትሰማለች፤ አፈር ለማልበስ ግን አትደርስም። ይህን የሚያካክስ ድንኳን የለንም።

ጸጥታ ለእኛም የወሬ ነገር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ሙባረክ ላይ በከተማችን የተደረገውን የግድያ ሙከራ፣ በ1988 ዓ.ም. በግዮንና በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች የፈነዳውን ቦምብ የምታስታውሱ እዚህ ብዙ ናችሁ። ያም ሆኖ በዚያ ምክንያት የሶማሊያ ስደተኛ በሙሉ ይውጣ አልተባለም፤ ዛሬም በአገራችን ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ስደተኛ ተጠልሏል።

አንድ አባል ባለፈው፣ «የዕድር አቀባበልና የአገር ጥበቃ አንድ አይደለም፤ እኛ ብንሳሳት የምናጣው ድስትና ወንበር ነው፤ እነሱ የሚያጡት ነፍስ ነው» ብለው ነበር። እውነት አላቸው። እኛ ደግሞ ጎረቤታችንን በዓይናችን እናያለን፤ ዋሽንግተን ያለ ጸሐፊ የአሥመራን ሰው ጠባይ ከየት ያያል? እንዲህም ሆኖ፣ የማያዩትን ሰው ቀርቦ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ሳይጠይቁ አገሩን አይቶ መመለስ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጥበቃ ነው። ሁለተኛውን እኔ ጥበቃ አልለውም፤ ወረፋው ሲረዝም መስኮቱን ዘግቶ ምሳ እንደሚወጣ ጸሐፊ ነው።

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ ልመለስ። የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ አዲስ ገቢ ዋስ እንዲጠራ፣ መመዝገቢያ እንዲከፍልና ሦስት ወር እንዲጠብቅ ያዛል። የትውልድ አገር የሚል መስመር በመዝገባችን ላይ የለም። የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም ለተባለው፣ መንግሥት የሚሰጣቸው የስደተኛ መታወቂያ አላቸውና ቁጥሩ ይመዝገብ። ዋሱ አንድ መሆኑ ካሳሰበን ሁለት ይሁን፤ ግን ለእነሱ ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም አዲስ ገቢ። ሐሳቡን በጽሑፍ ለዳኛው ሰጥቻለሁ፤ ድምፅ የሚሰጠው በሚመጣው ወር ስብሰባ ስለሆነ፣ የሚቃወምም የሚደግፍም እንዳይቀር።