የክርክር ራዲዮ በንግድ ገንዘብ ለምን አይቆምም?

(በተማሪዎች ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባችን ከመካከላችን አንዳንዶች አንድ መልካም ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይኸውም ኅብረታችን ከአንድ የራዲዮ ጣቢያ በሳምንት አንድ ሰዓት ተከራይቶ የፖለቲካ ክርክር እንዲያሰማ፤ ወጪውም ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከጎንደር ነጋዴዎች በሚሰበሰብ የማስታወቂያ ገንዘብ እንዲሸፈን ነው። ጉዳዩን አጥንተን እንድናቀርብ አደራ ስለ ተጣለብን ዛሬ የደረስንበትን እንናገራለን። ነገሩ ከመነሻው ግልጽ ይሆን ዘንድ፤ የክርክሩን ሰዓት እንደግፋለን፤ የገንዘቡን መንገድ ግን አንደግፍም። ምክንያታችንን ለማስረዳት ከሩቅ አገር ጀምረን ወደ ደጃችን እንመጣለን።

በመጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ራዲዮ እንደምንናገር እንግለጽ። «ሊበራል» የሚለው ቃል በአሜሪካ የአንድ ወገን መጠሪያ ነው። ባገራችን ግን ወገኑ እንዲህ ተቆርጦ ስላልተለየ፤ እኛ የምንለው ተናጋሪ ከተናጋሪ የሚሟገትበትን፤ ባለሥልጣንም ተቃዋሚም እኩል የሚጠየቅበትን፤ አድማጩም ደውሎ «አይደለም» ለማለት የሚችልበትን ፕሮግራም ነው።

እንግዲህ ወደ አሜሪካ እንሂድ። በዚያ አገር ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራዲዮ ጣቢያዎች በአከራካሪ ጉዳይ ላይ የተለያየ ሐሳብ እንዲያሰሙ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። ደንቡ በ1987 እ.ኤ.አ. ተሻረ። በተከታዩ ዓመት ረሽ ሊምቦ የተባለው ወግ አጥባቂ ተናጋሪ ፕሮግራሙን ባገሩ ሁሉ ማሰራጨት ጀመረ። በጊዜ ብዛትም ወደ 600 የሚጠጉ ጣቢያዎች ተቀበሉት። ለዘብተኞቹ ግን ይህን የመሰለ ነገር ለመሥራት ደጋግመው ሞክረው አልሆነላቸውም። ከሁሉ የታወቀው ኤር አሜሪካ የተባለው ድርጅት ነው። በመጋቢት ወር 2004 እ.ኤ.አ. ተከፈተ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በክፍያ ጠብ ምክንያት ከሎስ አንጀለስና ከቺካጎ ጣቢያዎች ወረደ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. መክሰሩን ለፍርድ ቤት አስታወቀ፤ በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ጭራሹን ተዘጋ።

ለምን? አንዳንዶች «ሕዝቡ ስላልፈለገው ነው» ይላሉ። መልሱ ግን ይህን ያህል ቀላል አይደለም። የንግድ ራዲዮ ለአድማጭ ፕሮግራም የሚሸጥ ይመስላል እንጂ፤ ለነጋዴ አድማጭ የሚሸጥ ሱቅ ነው። ገንዘቡን የሚከፍለው አድማጩ ሳይሆን ማስታወቂያ አስነጋሪው ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ከኤቢሲ ራዲዮ የወጣ አንድ ደብዳቤ፤ ማስታወቂያቸው በኤር አሜሪካ ፕሮግራም ውስጥ እንዳይነገር የጠየቁ ወደ 90 የሚሆኑ ድርጅቶችን ይዘረዝር ነበር። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ኩባንያዎች ኃይል ዘወትር የሚጠይቅ ፕሮግራም፤ ጥያቄው የሚነካው ሰው ገንዘብ እንዲሰጠው መለመኑ ራሱ እንግዳ ነገር ነው። ሊምቦም ቢሆን በ2012 እ.ኤ.አ. አንዲትን ተማሪ በነውረኛ ቃል በሰደበ ጊዜ ብዙ ማስታወቂያ አስነጋሪዎች ሸሽተውታል። ነጋዴ ከግራም ይምጣ ከቀኝ ጠብን አይወድም።

ሁለተኛው ምክንያት የአድማጩ ጠባይ ነው። የወግ አጥባቂው አድማጭ ባመዛኙ አንድ ዓይነት ሰው ስለ ሆነ በአንድ ድምፅ ሊሰበሰብ ቻለ። የለዘብተኛው ወገን ግን ጥቁሮች የራሳቸው ጣቢያ፤ እስፓኝኛ ተናጋሪዎች የራሳቸው ጣቢያ አላቸው፤ የተማረውም ክፍል በአድማጭ መዋጮና በድጋፍ የሚኖረውን፤ በ1970 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን ብሔራዊ የሕዝብ ራዲዮ ይሰማል። ገበያው አስቀድሞ ተከፋፍሎ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ የጣቢያዎቹ ባለቤትነት ነው። የ1996 እ.ኤ.አ. ሕግ ገደቡን ካላላ በኋላ አንድ ኩባንያ ብቻ ከ1,000 በላይ ጣቢያዎችን ጠቀለለ። ጥሩ ጥሩው የማሰራጫ ኃይል ከተያዘ በኋላ የመጣ ሰው የሚያገኘው ደካማውን ነው። በዚህም ላይ ኤር አሜሪካ ገና ሳይጠና ብዙ ወጪ አወጣ፤ አስተዳደሩም ቶሎ ቶሎ ተለዋወጠ። ይህም የራሱ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ባገራችን ራዲዮ ሲወለድ ከንግድ ጋር አልተወለደም። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የተከፈተው ጣቢያ የመንግሥት ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተጀመረው ብሥራተ ወንጌል የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ገንዘብ ያቆመው ነበር፤ በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ራዲዮ ማለት መንግሥት ሲናገር ሕዝብ የሚያዳምጥበት ዕቃ ሆኖ ኖረ። የግል ሰው የአየር ሰዓት ተከራይቶ በሰፊው መናገር የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ከተከፈተ ወዲህ ነው። በግል ባለቤትነትም ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ።

የሸገርን ታሪክ በተለይ ልብ እንድንለው ይገባል። ወይዘሮ መዓዛ ብሩ በ97.1 ትመራው የነበረው ፕሮግራም ስሙ «ቅዳሜ ጨዋታ» ነበር፤ በሸገርም ታዋቂው ክፍል «የጨዋታ እንግዳ» ተባለ። ሚኒስትር የነበሩ፣ የጦር መኮንኖች፣ እስረኞች፣ ምሁራን እየቀረቡ የዘመናቸውን ነገር በሰፊው ተናግረውበታል። ይህ ከፖለቲካ ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ዳሩ ግን የቀረበው በክርክር መልክ ሳይሆን በጨዋታ መልክ ነው። እንደ እኛ አስተያየት ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ያለፈው ዘመን ፖለቲካ በትዝታ ተጠቅልሎ ሲመጣ ነጋዴውም አይደነግጥም፤ አድማጩም ከቤተሰቡ ጋር ይሰማዋል። የዛሬው ሙግት ግን ለብቻው፤ ራቁቱን፤ በማስታወቂያ ገንዘብ ብቻ ረጅም ዕድሜ ሲኖር አላየንም።

የማስታወቂያውንም ምንጭ እንመርምር። ባገራችን ብዙ የሚያስነግሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ባንኮች፣ የቴሌ መሥሪያ ቤት፣ ቤት ሠሪዎች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ድርጅቶች። ቀድሞ የቢራ ፋብሪካዎች ከታላላቆቹ መካከል ነበሩ። ስሙን ከተራራችን የወሰደው፤ ጎንደር ያለው ዳሸን ሳይቀር ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ግን የአልኮል መጠጥ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። ሕጉ ለጤና የወጣ ስለ ሆነ አንነቅፈውም። ሆኖም የግል ጣቢያዎች ከዋና ዋና ደንበኞቻቸው አንዱን ባንድ ጊዜ አጡ። የቀሩትም ደንበኞች ገሚሶቹ የመንግሥት ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ፈቃዳቸውን ከመንግሥት የሚያገኙ ናቸው። እንግዲህ እንዲህ ያለ ከፋይ መንግሥትን ለሚጠይቅ ፕሮግራም ገንዘብ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ፤ ድመትን ለአይጥ ጠበቃ እንዲቆም እንደ መጠየቅ ነው።

አሁን ደጃችን ደርሰናል። በደባርቅ ገበያ ቆርቆሮ፣ ሳሙና፣ ጨው የሚሸጠውን ነጋዴ እንመልከት። ቆርቆሮ ማን እንደሚሸጥ ከወገራ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ ያለ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ታዲያ ነጋዴው ለምን በራዲዮ ያስነግራል? ወደ ፓርኩ የሚመጣውን እንግዳ የሚያሳድሩትም ሆቴሎች የሚፈልጉት ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሰው ነው፤ እርሱ ደግሞ የአማርኛ ክርክር አይሰማም። ከዚህም ሌላ ነጋዴው ደንበኞቹ በሁሉም ወገን ስላሉ፤ ስሙ ከአንዱ ተናጋሪ ጋር ተያይዞ እንዲነሣ አይሻም። ይህን ፍርሀት ብለን አንሰድበውም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና።

አድማጩስ? ገብስና ባቄላ የሚዘራው የዳባት ገበሬ ራዲዮውን በድንጋይ ወይም በፀሐይ ኃይል ያሠራል። የኤፍ ኤም ማዕበል በቀጥታ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራ ይጋርደዋል፤ ከአፋፉ በታች ቆላው ውስጥ ላለው ሰው የሚደርሰው አጭር ሞገድ ነው። ገበሬው ቢሰማም እንኳ በነጋዴው ሒሳብ ብዙ የማይገዛ አድማጭ ነው። ዋጋው የሚለካው በሚያስበው ሳይሆን በሚሸምተው ነው።

ይህ ሒሳብ የት እንደሚያደርሰን ከራሳችን ታሪክ እንይ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉ፤ ደባርቅም ከአዲአርቃይና ከሌላም ስፍራ በተፈናቀሉ ወገኖች ስትሞላ፤ ሕዝቡ እንደ እንጀራ የፈለገው ነገር የታመነ ወሬና የረጋ ምክር ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያም በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሩቁን የምንሰማበት መንገድ ጠበበ። በእነዚያ ቀኖች ከዚህ ሕዝብ ጋር የሚነገድ ነገር አልነበረም፤ የማስታወቂያ ዋጋውም ባዶ ነበር። የመነጋገር ፍላጎት ከሁሉ በሚበረታበት ሰዓት የንግድ ገንዘብ ከሁሉ ይርቃል። «ሕዝብ ቢፈልገው ገበያው ያቆመው ነበር» ለሚሉት መልሳችን ይህ ነው።

«እንግዲያውስ የውጭ ዕርዳታ ይፈለግ» የሚል ይኖራል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል በ1957 ዓ.ም.፤ የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. ተጀምረው ለብዙ ሰው ጠቅመዋል። ነገር ግን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከዋሽንግቶን በወጣ ትእዛዝ የአሜሪካ ድምፅ ሠራተኞች ከሥራ ተገለሉ፤ ስርጭቱም ተቋረጠ። የሌላ አገር ግብር ከፋይ ያበራው መብራት በሌላ አገር እጅ ይጠፋል። በውጭ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በመዋጮ ጣቢያ አቁመዋል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኢሳት ለዚህ ምስክር ነው። የመዋጮ ጉልበት ትልቅ መሆኑን አሳይቷል። ነገር ግን ከሩቅ የሚያዋጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያዋጣው የራሱን ሐሳብ ለመስማት ስለ ሆነ፤ ተናጋሪው ከአዋጪው የተለየ ቃል በተናገረ ቀን ኪሱ ይዘጋል። ከፋይ ሁሉ፤ ነጋዴም ይሁን መንግሥት ወይም ደጋፊ፤ ፍላጎት አለው። ስለዚህ ፍላጎት የሌለው ከፋይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሚሻለው ከፋዮቹን ማብዛትና ድርሻቸውን ማሳነስ ነው።

ለዚህም ከባሕር ማዶ ትምህርት አያስፈልገንም፤ እድር አለን። የደባርቅ ሰው ሬሳውን ለመቅበር ማስታወቂያ አስነጋሪ አይጠብቅም። ሀብታሙም ድኻውም በየወሩ እኩል ያዋጣል፤ ብዙ ስለሰጠ ዳኛውን የሚያዝ የለም። በሐሳብ የማይስማሙ ጎረቤቶች ባንድ ድንኳን የሚቀመጡት ስለዚህ ነው። የማኅበረሰብ ራዲዮም በሕጋችን ከሕዝብና ከንግድ ራዲዮ ተለይቶ የታወቀ ነገር ነው፤ መንፈሱም ይኸው የእድር መንፈስ ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። አንደኛ፤ እያንዳንዱ ተማሪና ፈቃደኛ የሆነ መምህር በወር የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ ያዋጣ። ሁለተኛ፤ ከነጋዴ የሚመጣ ገንዘብ አይከልከል፤ ነገር ግን ከማንም አንድ ሰው ወይም ድርጅት ከጠቅላላው ከ10 አንድ እጅ በላይ አንቀበል። ሦስተኛ፤ በገንዘቡ ጉዳይ የሚመረጡት ሰዎች በርእስ ምርጫ አይግቡ። አራተኛ፤ የአየር ኪራይ እስክንችል ድረስ ክርክሩ በአዳራሻችን ተጀምሮ በድምፅ ይቀረጽ። የተቀረጸውም ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፍ፤ ተራራ የሚጋርደው ኤፍ ኤም በማይደርስበት ቆላ፤ ለእረፍት ወደየቤቱ የሚሄድ ተማሪ ይደርሳልና።

የመጀመሪያውንም ርእስ እንጠቁማለን። የስሜን ተራሮች ፓርክ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2009 ዓ.ም. ወጣ። በመካከሉ በ2008 ዓ.ም. የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ለዋልያው ታሰበለት፤ የግጭ ሰውስ እንዴት ሆነ? የፓርኩ ሠራተኛ፣ የግጭ ገበሬና አስጎብኚው ባንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ሁሉም እውነት የሆነ ነገር ይናገራሉ። ይህን ክርክር በማስታወቂያ የሚደግፍ ሆቴልም ሆነ መሥሪያ ቤት አናገኝም። ግን ልንሰማው ከሚገባን ነገር ሁሉ ለዚህች ከተማ የቀረበው ይህ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ በነጻ የሚገኝ ክርክር የለም፤ ወይ እኛ እንከፍላለን፤ ወይ ዝም እንድንል የሚፈልግ ይከፍልልናል። ሐሳቡ ለድምፅ ይቅረብ፤ የምትቃወሙም ካላችሁ ከሁሉ አስቀድሞ እናንተን ለመስማት ዝግጁ ነን።