ሥራን በክፍል ስለ ማከፋፈልና ስለ ድረ ገጽ ሰርቨር



የፈተና ውጤት በኢንተርኔት በሚገለጽበት ቀን እጅግ ብዙ ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ በር ያንኳኳል። በሩ ሰርቨር ነው፤ ለጠያቂው ሁሉ ገጹን የሚያድለውም በላዩ የተጫነው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በደኅና ካልተሰናዳ ተማሪው ውጤቱን ሳያይ ይመሽበታል። ስለዚህ ጉዳዩ ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1994 ሮብ ማክኩል ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በለቀቀ ጊዜ፣ እዚያ የሠራው የሰርቨር ፕሮግራም እድገቱ ቆመ። ተጠቃሚዎቹ ግን ጉድለቱን እየጠገኑ ጥገናቸውን ይለዋወጡ ነበር፤ በ1995ም ተባብረው አፓቺ የተባለውን ፕሮግራም አወጡ። ከእነርሱም አንዱ ሮበርት ታው አሠራሩን እንደ ገና አዋቀረው፤ ይኸውም ግንዱን አሳንሶ፣ የቀረውን ሥራ ሞጁል ለሚባሉ ክፍሎች አከፋፈለ። አንዱ ሞጁል የይለፍ ቃል ይመረምራል፤ ሌላው አድራሻ ያቀናል፤ ሌላውም መዝገብ ይጽፋል። ዐዲስ አገልግሎት የፈለገ ሰው ግንዱን ሳይነካ የራሱን ሞጁል ይጨምራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደ ተባለው ነው። ይሁን እንጂ የማያስፈልግ ሞጁል መጫን ማኅደረ ትውስታን ያጣብባል፤ ለአጥቂም በር ይከፍታል።

የፍጥነቱ ነገር ሌላ ብልሃት ይሻል። በአፓቺ የቀድሞ አሠራር ለእያንዳንዱ ጎብኚ አንድ ሠራተኛ ይመደብለት ስለ ነበር፣ የጎብኚው መሥመር ሲዘገይ ሠራተኛውም ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ሩሲያዊው ኢጎር ሲሶየቭ በ2004 ለሕዝብ ያወጣው ኤንጂንኤክስ ግን ጥቂት ሠራተኞች ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱም ዝግጁ ወደ ሆነው ጎብኚ እየዞረ ብዙዎችን ያስተናግዳል። ብልህ መምህርም አንዱ ተማሪ እስኪያስብ ድረስ የሌላውን ጥያቄ ይመልሳል። ነገር ግን በዚህ አሠራር ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ሞጁል ቢገባ፣ በዚያ ሠራተኛ ሥር ያሉት ጎብኚዎች ሁሉ አብረው ይቆማሉ። ስለዚህ የሞጁል ጸሐፊ ጥንቃቄው ብርቱ ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ማሻሻል የሚጀምረው ከመለካት ነው። አስቀድሞ ይለካል፤ ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል፤ ከዚያም እንደ ገና ይለካል። በግምት ብዙ ነገር ባንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ የጠቀመውንና የጎዳውን ለይቶ ማወቅ አይችልም። የማይለዋወጥ ገጽም ቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ሰርቨሩ በየጥያቄው ከመድከም ይድናል።

የፈተናው ቀን ሳይደርስ ተማሪ እንደሚዘጋጅ፣ ሰርቨሩም የውጤቱ ቀን ሳይደርስ ሊፈተን ይገባዋል።