ልብ ሲሠራ የሚታይ ሕመም

ዛሬ የምንነጋገረው በዕብራይስጥ «ኤኮ ሌቭ በማአማፅ» ስለሚባለው፣ ሰው ከተራመደ በኋላ ልቡ በአልትራሳውንድ ስለሚታይበት ምርመራ ነው።

ልብ ለሰውነት ሁሉ ደም ይረጫል፤ ለራሱም ደም የሚያደርሱለት ሥሮች በላዩ ተዘርግተዋል። እነዚህ ሥሮች በስብ ሲጠቡ፣ ሰው ተቀምጦ ሳለ የሚያልፈው ደም ይበቃው ይሆናል። ደረጃ ሲወጣ ወይም ከሱቅ ዕቃ ተሸክሞ ሲመለስ ግን አይበቃውም። ስለዚህ በዕረፍት የተደረገ ምርመራ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል።

ወገኖቻችን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደዚህ አገር ሲገቡ የስኳር በሽታ በጥቂቶች ብቻ ይታይ ነበር። ምግቡና ኑሮው ሲለወጥ ግን በዝቷል፤ ስኳር ደግሞ የልብን ሥር ያጠባል።

በምርመራው ቀን በመጀመሪያ በጎን ተኝታችሁ፣ ደረታችሁ ቅባት ተቀብቶ ልባችሁ በስክሪን ይታያል። የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው፤ ጨረር የለውም። ከዚያ በሚንቀሳቀስ ማሽን ላይ ትራመዳላችሁ። ብዙ ጊዜ በየሦስት ደቂቃው ፍጥነቱና ዳገቱ ይጨምራል። የተለመደው ግብ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከቀረው 85 በመቶ መድረስ ነው፤ ለ60 ዓመት ሰው በደቂቃ 136 ምት ማለት ነው። እንደወረዳችሁ፣ ልባችሁ ሳያርፍ፣ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ሥዕሉ እንደገና ይነሣል። ሐኪሙ ሁለቱን ያስተያያል፤ ደም ያነሰው የልብ ግድግዳ ከሌላው እኩል አይኮማተርም።

ሐኪሙ ግን ይህን የሚያዘው ከእናንተ ቃል ተነሥቶ ነው። እኛ «ልቤን አቃጠለኝ» ስንል ጨጓራችንን ማለታችን ሊሆን ይችላል፤ ስናዝንም «ልቤ ተሰበረ» እንላለን። ቃሉ «ሌቭ» ተብሎ ሲተረጎም ሐኪሙ የሚሰማው የልብ በሽታ ነው። በዚህ ቃል የተነሣ ሐኪሞችና ቤተ እስራኤል ሕመምተኞች ሳይግባቡ መቅረታቸውን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ተገላቢጦሹ የባሰ ነው፤ ልቡን የታመመ ሰው «ሆዴን ነው» ብሎ የጨጓራ ኪኒን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ ቦታውን በእጃችሁ አሳዩ። ሕመሙ ስትራመዱ ይመጣል ወይስ ከምግብ በኋላ? ስታርፉ ይተዋል? ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ይሄዳል? ትንፋሽ ያሳጥራል? ይህን ሁሉ ንገሩ። ትንሽ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ። የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው መመሪያ ኩፓት ሆሊሞችና ሆስፒታሎች የቋንቋ እርዳታ እንዲያቀርቡ ያዛል፤ ሳታፍሩ ጠይቁ።

በማሽኑ ላይም ደረታችሁ ሲጨንቃችሁ ችላችሁ ዝም አትበሉ፤ ወዲያው ተናገሩ። ደኅና ሆናችሁ ሳለ ደግሞ በሐፍረት ቶሎ አትውረዱ፤ ልብ በሚገባ ካልሠራ ምርመራው መልስ አይሰጥም። ምቹ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ። እግሩን የሚያመው ሰው በማሽኑ ፈንታ ልብን የሚያፈጥን መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጠዋል።

ከምርመራው በፊት ለጥቂት ሰዓት አይበላም። ስለ ቡናና ስለምትወስዱት ኪኒን የቀጠሮውን ወረቀት አስነብቡ፤ ኪኒን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ። ወደ ሆስፒታል፣ ለምሳሌ አሽቀሎን ወዳለው ባርዚላይ፣ ከተላካችሁ ከኩፓት ሆሊማችሁ «ቶፌስ 17» ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ውጤቱ ደኅና ቢሆንም ሕመሙ ከተመለሰ እንደገና ወደ ሐኪም ሂዱ። ተቀምጣችሁ ሳለ ደረታችሁን ከጨመቃችሁና አልለቅ ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ማጌን ዳቪድ አዶምን በ101 ጥሩ።