ከቤት የወጣ ፍሳሽ የት ይደርሳል?

ከአርሲ ደጋ የሚነሱ ወንዞች ሩቅ ይጓዛሉ፤ ካታር ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፣ በምሥራቅ በኩል ያሉት ዋቤ ሸበሌን ይመግባሉ። ስለዚህ እንደ ጢቾ ባለ የአርሲ ትንሽ ከተማ ቦይ ውስጥ የተደፋ እጣቢ፣ ከመጸዳጃ ቤት ያመለጠ ፍሳሽ፣ ከታች ውሃ የሚቀዳውን ሰው ሊያሳምም ይችላል።

መፍትሔው የግድ ውድ ማጣሪያ ጣቢያ አይደለም። ተከታታይ ኩሬዎች ፍሳሹን ሊያጣሩ ይችላሉ፤ በመጀመሪያው ደለሉ ይዘቅጣል፣ በቀጣዩ ባክቴሪያዎች ከአልጌ በሚያገኙት ኦክስጅን ቆሻሻውን ያብላላሉ፣ በመጨረሻው የፀሐይ ብርሃን ጀርሞችን ይገድላል። ኤሌክትሪክ አይጠይቅም፤ በደጋ ብርድ ግን ሥራው ስለሚዘገይ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል።

እንዲህ ያሉ ኩሬዎች እስኪሠሩ ድረስ የመጸዳጃ ጉድጓድን ከምንጭ በታች፣ ቢያንስ 30 ሜትር አርቀን እንቆፍር። ውሃችንን መጠበቅ ከየግቢያችን ይጀምራል።