በተወዳዳሪዎች መካከል ያለ ሰርጎ ገብ

የዛሬው ርእስ ሰርጎ ገብ ነው፤ ይኸውም ከቡድኑ አባላት እንደ አንዱ መስሎ ሥራቸውን በስውር የሚያበላሽ ሰው ማለት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 በቤልጅየም የፍላንደርስ ክፍል የተጀመረው «ደ ሞል» የተሰኘው የቴሌቪዥን ውድድር የተገነባው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ፈተናዎችን በኅብረት እየተወጡ የጋራ የሽልማት ገንዘብ ለማካበት ሲጥሩ፣ ከመካከላቸው አንዱ፣ ማለትም ሰርጎ ገቡ፣ ድካማቸውን እንዲያከሽፍ በአዘጋጆቹ የተመደበ ነው።

ነገሩን በደቦ አጨዳ መመልከት ይቻላል። ከአጫጆቹ አንዱ ሆን ብሎ ቢለግም፣ ነዶም ቢበትን፣ ባልንጀሮቹ ድካሙን ከተንኮሉ በምን ይለያሉ? ሰርጎ ገቡን የሚሸሽገውም ይኸው ነው፤ ንጹሑም ሰው ይሳሳታልና።

ይሁን እንጂ ከማጭበርበሩ ይልቅ የሚያስደንቀው ሌላ ነው። በየክፍሉ መጨረሻ ተወዳዳሪዎቹ ስለ ሰርጎ ገቡ ማንነት ይጠየቃሉ፤ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣውም ይሰናበታል። ስለዚህ ንጹሑ ተወዳዳሪ ራሱ፣ ሌሎቹ እሱን ጠርጥረው መልሳቸውን እንዲስቱ፣ አጥፊ መስሎ መታየት ይጠቅመዋል። በዚህም የተነሣ ሰርጎ ገቡ በአስመሳዮች መካከል ሲሰወር፣ የጋራው ገንዘብ በሁለቱም እጅ ይመናመናል።