ዊልያም ካምደን፤ የሠዓሊው ልጅ የዐርማ ንጉሥ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የተደረገ ንግግር)



እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ዛሬ ታሪኩን ልንነግራችሁ የመረጥነው ሰው የጦር አለቃ አይደለም። የሹመቱ ስም «የዐርማ ንጉሥ» ይባል እንጂ ዘውድም አልጫነም። ሥራው የሰውን የትውልድ ሐረግ መመርመርና ለቤተ ሰብ ዐርማ መፍቀድ ነበረ። ከመሾሙ በፊት ግን ሃያ ሁለት ዓመት ያህል በአስተማሪነት ስለ ኖረ በትምህርት ቤት በዓል ቀን ስሙ ቢነሣ የሚገባ ሆኖ ታይቶናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጥንት ዘመን የአውሮፓ ፈረሰኛ ፊቱን በብረት ሸፍኖ ይዋጋ ስለ ነበረ፣ ወዳጅና ጠላት የሚለየው በጋሻው ላይ በተሣለው ምልክት ነበረ። ምልክቱ ከአባት ወደ ልጅ መተላለፍ ሲጀምር የትኛው የማን እንደ ሆነ መዝግቦ የሚይዝ ሹም አስፈለገ። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ሪቻርድ ሣልሳዊ እነዚህን ሹማምንት በ1484 ዓ.ም. በማኅበር አቋቋሟቸው፤ መሥሪያ ቤታቸው እስከ ዛሬ በሎንዶን ይገኛል። ከእነርሱ አንዱ፣ ክላረንሱ የሚባለው፣ ከትሬንት ወንዝ በስተ ደቡብ ያለውን አገር የሚመለከት ነው። በካምደን ዘመን ይህ ሹም ራሱ ወይም ወኪሉ በየአውራጃው እየዞረ «ዐርማ አለኝ» የሚለውን ሁሉ አባትህ ማን ነው፣ አያትህስ እያለ ይጠይቅ ነበር። ማስረጃ ያጣ ሰው ባለ ዐርማ አለመሆኑ በአደባባይ ይነገርበታል። የብዙ ሰው ኩራት በዚህ ሹም ብዕር ጫፍ ላይ ነበረች ማለት ነው።

እንግዲህ የሰውን ዘር የሚቆጥረው የዚህ ሹም የራሱ ዘር ምን ነበረ? ካምደን በ1551 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። አባቱ ሳምሶን ካምደን ከሊችፊልድ ከተማ መጥቶ በሎንዶን በሠዓሊነት የሚተዳደር የእጅ ሙያተኛ ነበረ። እናቱ ግን በሰሜን፣ በከምበርላንድ፣ ከርዌን ከተባለ ጥንታዊ ቤተ ሰብ የተወለደች ናት። ካምደን በመጽሐፉ ውስጥ ስለዚያ አገር ሲጽፍ፣ በእናቱ በኩል ከዚህ ቤተ ሰብ መወለዱን ትምክሕት አይሁንብኝ ብሎ በአጭሩ ይጠቅሰዋል። ያንኑ ያህል እንኳ ባይጠቅሰው ኖሮ የሰው ዘር መርማሪነቱን እንጠራጠር ነበር!

በቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቀጥሎም ወደ ኦክስፎርድ ሄደ፤ ነገር ግን በ1571 ዓ.ም. ያለ ዲግሪ ወጣ። በ1575 ዓ.ም. በዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ረዳት መምህር፣ በ1593 ዓ.ም. ደግሞ ርእሰ መምህር ሆነ። ለተማሪዎቹ የጻፈው የግሪክ ቋንቋ ሰዋስው ለብዙ ዘመን ሲሠራበት ኖሯል። ካስተማራቸውም አንዱ የግንበኛ እንጀራ ልጅ የነበረው ቤን ጆንሰን ነው፤ ታላቅ ባለ ተውኔት ከሆነ በኋላ አንዱን ድርሰቱን ለቀድሞ መምህሩ መታሰቢያ አደረገው።

ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ካምደን አያርፍም ነበር። አገር ላገር እየዞረ የፈረሱ ግንቦችን፣ የሮማውያንን የድንጋይ ጽሕፈትና የመቃብር ሐውልቶችን ይመረምራል፤ የጥንቱንም ሰነድ እንዲረዳ የዌልስን ቋንቋና የቀድሞውን እንግሊዝኛ ተማረ። የዚህ ድካም ፍሬ በ1586 ዓ.ም. በላቲን የታተመው «ብሪታንያ» የተባለው መጽሐፍ ነው። በ1610 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተረጎመ።

በ1597 ዓ.ም. የክላረንሱ ሹመት ለካምደን ተሰጠ። ነገሩ የከረረው በዚህ ነው። ራልፍ ብሩክ የተባለ፣ በዚያው መሥሪያ ቤት የቆየ ሹም፣ አንድ የትምህርት ቤት መምህር በላዩ ሲሾም ጊዜ አልቻለም። «ብሪታንያ» በመኳንንቱ የትውልድ ሐረግ ላይ ስሕተት አለበት ብሎ መጽሐፍ አወጣ። እውነቱን ለመናገር ከነቀፋው አንዳንዱ ትክክል ነበረ። ካምደን በ1600 ዓ.ም. ባሳተመው እትም መልስ ሰጠው፤ ከስሕተቱም የታረመ ነበረ። እኛ ለብሩክ ዕውቀት አድናቆት አለን፤ ለጠባዩ ግን የለንም።

በ1602 ዓ.ም. ይኸው ሰው፣ ለማይገባቸው ዝቅተኛ ሰዎች ዐርማ ተሰጠ ብሎ ከሰሰ። በክሱ ውስጥ «ተዋናዩ ሼክስፒር» የሚል ስም ነበረበት። ዐርማው በ1596 ዓ.ም. የተፈቀደው ለደራሲው አባት ለጆን ሼክስፒር ነበረ። ካምደንና የሥራ ባልደረባው ዴቲክ፣ ሰውየው በስትራትፎርድ ከተማ ዳኛ የነበረና መልካም ሀብት ያለው ነው ብለው መለሱ። እዚህ ላይ የካምደን ፍርድ ይታያል፤ ሰው የሚከበረው በሹመቱና በሥራውም ጭምር ነው ማለቱ ነውና።

ብሩክ ግን አላረፈም። በ1616 ዓ.ም. ሴገር የተባለውን ሌላ የዐርማ ንጉሥ አታልሎ፣ የባዕድ አገር ነገሥታትን ዐርማ ግሪጎሪ ብራንደን ለሚባል ሰው እንዲያጸድቅ አደረገው። ብራንደን የሎንዶን ከተማ ወንጀለኛ ሰቃይ ነበረ! ነገሩ ለንጉሥ ጄምስ በተነገረ ጊዜ ንጉሡ ተታላዩንም አታላዩንም ባንድነት ወኅኒ አስገቧቸው።

ካምደን የንግሥት ኤልሳቤጥን ዘመን ታሪክ ጽፏል፤ የመጀመሪያው ክፍል በ1615 ዓ.ም. ታተመ። ዲግሪ ላላገኘበት ለኦክስፎርድም በ1622 ዓ.ም. ርስት ሰጥቶ የታሪክ መምህርነት ወንበር አቆመ፤ ወንበሩ በስሙ እየተጠራ እስከ ዛሬ አለ። ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልተወም። በኅዳር 1623 ዓ.ም. ዐረፈ፤ የተቀበረውም በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ሲሞት ለሎንዶን ሠዓሊዎች ማኅበር የብር ጽዋ መግዣ 16 ፓውንድ ተናዝዞ ነበር። ማኅበሩ ጽዋውን ጠብቆ አቆይቶታል። በላዩ በላቲን የተቀረጸው ቃል ሰጪው ክላረንሱ ዊልያም ካምደን፣ የሎንዶን ሠዓሊ የሳምሶን ልጅ መሆኑን ይናገራል።